የምክክሩ ቀን ከመድረሱ በፊት

መንግሥት ሕዝብን ሲያማክር ሁለት ሥራ አለበት፤ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ቀጥሎ መጠየቅ። መጠየቁ አዳራሽ፣ ባነርና ቃለ ጉባኤ ስላለው በዓይን ይታያል፣ በዜናም ይነገራል። ማሳወቁ ግን ከስብሰባው ሳምንታት ቀድሞ በየቤቱ፣ በየገበያውና በየስልኩ የሚሠራ በመሆኑ ቢቀርም ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በሰሜን ወሎ፣ በቆቦ ከተማና በራያ ቆላ ቀበሌዎች ከስብሰባ የተመለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያሰሙት ቅሬታ ከዚሁ ጉድለት የመጣ ነው፤ የሚጠየቁትን ነገር የሚያውቁት አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ነው።  ለዚህ ቅሬታ «ረቂቁ በገጻችን ተለጥፏል» የሚል መልስ ስለሚሰጥ፣ በበይነ መረብ መለጠፍ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሊታይ ይገባዋል።

ሕጉ አሻሚ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አጎናጽፏቸዋል። አንቀጽ 92 አካባቢን የሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲነደፉም ሆነ ሲፈጸሙ የሚነካው ሕዝብ ሙሉ ምክክር ሊደረግበት እንደሚገባ ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቅና አስተያየት እንዲቀበል ያስገድደዋል፤ የጸደቀውም መመሪያ ተመዝግቦ በድረ ገጽ ላይ ካልተጫነ ተፈጻሚ አይሆንም። በዚህ አዋጅ ድረ ገጽ ከጋዜጣ ጎን ተሰልፎ የሕዝብ ማስታወቂያ ቦታ ሆኗል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሕጉ የለጣፊውን ግዴታ እንጂ የአንባቢውን አቅም ሊደነግግ አይችልም፤ ጋዜጣ በየዕለቱ በማይደርስበት፣ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከፍቶ የሚያነብ ገበሬ በማይገኝበት ቀበሌ የአዋጁ ቃል ተፈጽሞ ዓላማው ሊቀር ይችላል።

አሁን መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች የታወቁ ናቸው፤ ድረ ገጽ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ። ረቂቅ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በወጡ ግምቶች መሠረት ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ገደማ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከተሜዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። ይህ አገራዊ አማካይ ነው፤ በገጠር ቁጥሩ ያንሳል። እንግዲህ ሃምሳና ስልሳ ገጽ ያለው ፒዲኤፍ ሲለጠፍ ለጠበቃው፣ ለጋዜጠኛውና ለመምህሩ ደርሷል። ማሽላውን ከወፍ ለምትጠብቀው፣ በቆቦ አካባቢ ላለች የአራዱም ወይም የሮቢት ሴት ግን ገና አልደረሳትም።

ይህ ማለት ግን የራያ ቆላ ከመረቡ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ቆቦ በምዕራብ ከግዳን ደጋ፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገዱ መኪናና ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ወሬም ያመላልሳል። ከአካባቢው ብዙ ወጣት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚሄድ እናት የልጇን ድምፅ የምትሰማው በኢሞ መተግበሪያ ነው፤ ጂዳ ያለው ልጅም የአገር ቤቱን ዜና ከወላጆቹ ቀድሞ ያገኘዋል። ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬ ከጎረቤቱ ልጅ ስልክ ላይ ያዳምጣል። የኢንተርኔት ፓኬጅ የማይሞላው ወጣት የሚፈልገውን ቪዲዮ ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር ከጓደኛው ይቀበላል፤ ከከተማ ሱቅም ዘፈንና ድራማ በሚሞሪ ካርድ አስጭኖ ወደ ቀበሌው ይወስዳል። አንድ ስልክ ላይ የደረሰ የድምፅ መልእክት በአንድ የቡና ሥርዓት ለስምንትና ለአሥር ሰው ይዳረሳል። መንገዱ አለ፤ የመንግሥት ሰነድ ግን በዚህ መንገድ እንዲጓዝ ተደርጎ አይዘጋጅም።

አሠራሩን ለማየት አንድ የተለመደ ሂደት መከተል ይበቃል። የስብሰባ ጥሪ ከወረዳ ወደ ቀበሌ በስልክ ይነገራል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር በማግስቱ ለልማት ቡድን መሪዎች ያስተላልፋል፤ መሪዎቹ በየጎጡ «ነገ ስብሰባ አለ» ይላሉ። ስለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው «እዚያ ይነገራል» የሚል መልስ ያገኛል። በስብሰባው ቀን ባለሙያው ሰነዱን በንባብ አቅርቦ ጊዜው ካለቀ በኋላ ጥያቄና አስተያየት ይከፈታል። ሽማግሌዎች ሰላም በመውረዱ አመስግነው መንገድ፣ መብራትና ማዳበሪያ ይጠይቃሉ። ባለሙያው ከአጀንዳው ውጭ ነው ብሎ ይመዘግባል ወይም ያልፋል። ሰዎቹ ግን ከሚያውቁት ነገር ተነሥተው ነው የተናገሩት። ሰነዱን ከሁለት ሳምንት በፊት በድምፅ ሰምተው፣ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረውበት፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ተከራክረውበት ቢሆን ኖሮ ስለ ሰነዱ ይናገሩ ነበር።

ኢንተርኔት ሳይኖር ሰፊ ማሳወቅ መደረጉን የኢትዮጵያ ታሪክ ያሳያል። በ1978 ዓ.ም. ደርግ ባለ 120 አንቀጽ የሕገ መንግሥት ረቂቅ አቅርቦ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ አሳትሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ አደለ። ሁለት ወር ያህል በ25,000 ገደማ ቦታዎች ውይይት ተደረገበት። በመንግሥት መግለጫ መሠረት ከ500,000 በላይ የማሻሻያ ሐሳቦች ቀረቡ፤ ኮሚሽኑ 95 ማሻሻያዎችን ተቀበለ፤ አብዛኞቹም የረቂቁን መሠረት የማይነኩ ነበሩ። ጥር 24 ቀን 1979 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 81 በመቶው ደገፈው ተባለ። ረቂቁ በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነበር፤ የተናገረው ሰው ሐሳቡ የት እንደደረሰ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም፣ ተቃውሞም በነጻነት የሚነገርበት ዘመን አልነበረም። ከዚህ የሚወሰዱ ትምህርቶች ሁለት ናቸው። ሰነድን ገበሬው ደጃፍ ማድረስ ይቻላል፤ ከ40 ዓመት በፊት በወረቀትና በእግር ተችሏል። ማድረስ ብቻውን ግን ምክክር አይሆንም።

በቅርቡ ዘመን ቆቦን በቀጥታ የሚመለከተው ምሳሌ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የባለሙያዎች ቡድን የፖሊሲ አማራጮችን የያዘ የመወያያ ሰነድ አዘጋጀ፤ ሰነዱም በበይነ መረብ ተሠራጨ። ከመጋቢት ጀምሮ በየክልሉ ምክክሮች ተካሄዱ። ሰነዱ የያዛቸው ጥያቄዎች እጅግ ከባድ ናቸው። ወንጀል የሚመረመረው ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው? የሚከሰሰው ማን ነው፣ በየትኛውስ ፍርድ ቤት? እውነት የሚያፈላልግ አካል ይቋቋም? ምሕረት በምን ሁኔታ ይሰጥ? ተጎጂው እንዴት ይካስ? እያንዳንዱ ጥያቄ አማራጮች ተዘርዝረውለታል፤ እያንዳንዱ አማራጭም ለተጎጂው ቤተሰብ የተለየ ውጤት አለው። አማራጮችን ዘርዝሮ ከውሳኔ በፊት ለሕዝብ ማቅረብ ለአገሪቱ መልካም ጅምር ነበር፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ቆቦ ለዚህ ሰነድ ባለ ጉዳይ ናት። በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 በከተማዋ በአራት የተለያዩ አጋጣሚዎች 23 ሰዎች በእነዚሁ ኃይሎች መገደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች መዝግቧል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ሪፖርት የሳተላይት ምስሎችን መርምሮ በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት ግቢ አዲስ መቃብሮች መታየታቸውን ገልጿል። ነሐሴ 21 ቀን 2014 ከተማዋ ዳግም በእነዚሁ ኃይሎች ተያዘች፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ግጭት የማቆም ስምምነት ተፈረመ። ቴክኖሎጂ የቆቦን መቃብር ከሰማይ ላይ ለዓለም ማሳየት ችሏል። ያው ቴክኖሎጂ ሬሳ ያነሡትና ልጆቻቸውን የቀበሩት ሰዎች ስለ ፍትሕና ስለ ካሳ ምን አማራጭ እንደቀረበላቸው በሚሰሙት ቋንቋ፣ በድምፅ፣ ከስብሰባው ቀድሞ እንዲደርሳቸው ማድረግ ነበረበት። የሚጎዳው የቱ አማራጭ እንደሆነ ያላወቀ ተጎጂ የሚሰጠው አስተያየት በቁጥር ይመዘገባል እንጂ እርሱን አይወክለውም።

ምክክሩ በሚካሄድበት ዓመት ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። አዋጁ በጥር 2016 ለአራት ወራት ተራዘመ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ነው። ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ፖሊሲው ከተጠነሰሰበት እስከ ጸደቀበት ባለው ጊዜ ውስጥ በጦርነቱ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ለወራት ከሞባይል ኢንተርኔት ተለይቶ ነበር። በእነዚያ ወራት በመረብ የተለጠፈ ማብራሪያ፣ የተላለፈ ቀጥታ ውይይት፣ የተከፈተ የአስተያየት ቅጽ ሁሉ ለራያ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ለቆቦ መምህርና ነጋዴም አልደረሰም። ኢንተርኔት በተዘጋበት አካባቢ የሚደረግ ሕዝባዊ ምክክር የማሳወቂያ ጊዜው ኢንተርኔቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ እንደገና ሊቆጠር ይገባል። 

ሁለተኛው ምሳሌ አገራዊ ምክክሩ ነው። የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በታኅሣሥ 2014 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1265 ተቋቋመ፤ በየካቲት ወርም በፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ሰብሳቢነት 11 ኮሚሽነሮች ተሾሙለት። ከየወረዳው ተሳታፊዎች ከ10 የኅብረተሰብ ክፍሎች እንዲመረጡ ተደረገ፤ ገበሬዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ መምህራን፣ ተፈናቃዮችና ሌሎችም ማለት ነው። የአማራ ክልል የአጀንዳ ማሰባሰብ ምዕራፍ በ2017 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተካሄደ። ኮሚሽኑ ፌስቡክና ድረ ገጽ አለው፤ ስብሰባዎቹም በቴሌቪዥን ይዘገባሉ። እዚህ ላይ ጥያቄው ወኪሉንና ወካዩን ይመለከታል። ከራያ ቆቦ ወረዳ ተወክሎ የሄደ ገበሬ ከመሄዱ በፊት ለቀበሌው ሰው «ይህን ይህን ልናገር ነው፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ለማለት የሚያስችል አጭር የድምፅ ማብራሪያና በቂ ቀን ያስፈልገዋል። ሲመለስም የተባለውን ማሰማት አለበት። ወኪል የሚሆነው ከሄደበትም ከመጣበትም ጋር ሲነጋገር ነው፤ ስልክ ለዚህ ያለ ብዙ ወጪ ያገለግላል።

ከፖለቲካው ወደ መሬቱ ሲወረድ ጉዳዩ ይበልጥ ይጨበጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ ማድረግ እንዲችል ፈቅዷል። ይህ በራያ ቆላ ላለ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው፤ ዝናብ በከዳበት ዓመት ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር መሬቱ ላይ ማን ለስንት ጊዜ ያርሳል የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ንግግር በፊት የሚነሣ ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ አዋጆች ላይ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ይደረጋል፤ አዳራሹ ግን አዲስ አበባ ነው። በአምስት ደቂቃ ድምፅ «መሬትህን ለመያዣ ብትሰጥ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚያስረዳ መልእክት ከዚያ ውይይት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ወደ ቆቦ ቢላክ ኖሮ የሚመለሰው ጥያቄ ለሕግ አርቃቂዎቹ ትልቅ ትምህርት ይሆን ነበር።

ውኃም እንዲሁ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃ በጉድጓድ እያወጣ በጠብታና በርጭት መስኖ እርሻ እንዲለማ ያደረገ የአካባቢው ትልቅ ሥራ ነው። ከጉድጓዱ ሌላ የጎሊናና የሌሎች ወንዞች ጎርፍ ተጠልፎ ወደ ማሳ ይገባል፤ ይህ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ የራያ ጥበብ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የሚቋቋሙበትን ሥርዓት ደንግጓል። ስለ ውኃ ክፍያ፣ ስለ ተራ፣ ስለ ፓምፕ መብራት ወጪና ስለ ጉድጓዱ ውኃ መቀነስ ምክክር ሲደረግ የሚያስፈልገው መረጃ ሰንጠረዥና ቁጥር ነው። ገበሬው ቁጥር ያውቃል፤ የእርሻውን ጥማድ፣ የኩንታሉን ዋጋና የብድሩን ወለድ በቃሉ ያሰላል። የጉድጓዱ የውኃ ከፍታ ከዓመት ዓመት ስንት ሜትር እንደወረደ በስልኩ ቢነገረው የትኛውም ባለሙያ ያላሰበውን መፍትሔ ሊያመጣ ይችላል።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ 8028 ያስረዳል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከሌሎች ተቋማት ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመረው ይህ ነጻ የስልክ መስመር ገበሬው በማናቸውም ቀፎ ደውሎ፣ ቁልፍ እየተጫነ ቋንቋውን መርጦ ስለ ሰብሉ የሚፈልገውን ምክር በድምፅ እንዲሰማ አስችሏል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ተጀመረ። ሚሊዮኖች ተመዝግበው ተጠቀሙበት። ዳታ አይፈልግም፣ ማንበብ አይፈልግም፣ ውድ ስልክም አይፈልግም። ስለ ጤፍ በመስመር መዝራት በዚህ መንገድ መናገር ከተቻለ ስለ ረቂቅ አዋጅም መናገር ይቻላል። አስተያየት መቀበልም ይቻላል፤ ደዋዩ ቁልፍ ተጭኖ ሐሳቡን በድምፁ ይቀዳል። መሣሪያው በአገር ውስጥ ተፈትኖ አሥር ዓመት አልፎታል። የቀረው ረቂቅ የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት የቆላው ገበሬ አድማጬ ነው ብሎ መነሣቱ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አሉ። አንዳንዶቹ ገበሬው የሕግ ሰነድ አይገባውም ይላሉ። ራያ ላይ የወሰንና የደም ክርክር ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ይህን አይልም። ሌሎቹ ረቂቅ ቀድሞ ከወጣ በማኅበራዊ ሚዲያ ይጣመማል፤ ሐሰተኛ ወሬ ይነዛበታል ይላሉ። ሐሰተኛ ወሬ የሚነግሠው ትክክለኛው ቃል በዘገየበት ቦታ ነው፤ በጦርነቱ ዓመታት መስመር ተቆርጦ በነበረበት ጊዜ ቆቦና አካባቢዋ በአሉባልታ የተጨነቁትን ያህል በሌላ ጊዜ አልተጨነቁም። ሦስተኞቹ ጊዜ የለም ይላሉ። ለዓመታት ለሚሠራ ሕግ ሦስት ሳምንት የማይተርፈው መሥሪያ ቤት ሕጉን ለመፈጸምም ጊዜ አያገኝም።

ስለ ማሳወቅ ሲነሣ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ያላቸው ሥርዓት ሊዘነጋ አይገባም። ከዞብል ባሻገር ያለው አፋር ዳጉ የሚባል የመረጃ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላምና ስለ ገበያ። የሚነግረው ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይገልጻል። ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይጠየቃል። ይህ የምንጭ ማጣራት ሕግ ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በፊት የነበረ ነው። በራያ ቆቦ በኩል ደግሞ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቅ ኖሯል። በእንዲህ ዓይነት ሽምግልና አስታራቂው ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት ከማገናኘቱ በፊት ወደ እያንዳንዱ ቤት ተመላልሶ ነገሩን ያስረዳል፣ ያዳምጣል፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን ይለያል። ጉባኤው የሚቀመጠው ነገሩ በየቤቱ ከበሰለ በኋላ ነው። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሽማግሌ አብሮ ይቀመጣል።

ሁለቱ ሥርዓቶች ለበይነ መረብ ማሳወቂያ ሊሰጡ የሚችሉት ትምህርት ብዙ ነው። ከዳጉ ምንጩ የታወቀ፣ ለሚቀጥለው ሰው ሊነገር የሚችል አጭር ቃል ማዘጋጀት ይወሰዳል፤ ከሽምግልናው ደግሞ ከጉባኤው በፊት መመላለስ። ስለዚህ በስልክ የሚላክ ማብራሪያ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ ሰነዱ ረቂቅ ይሁን የጸደቀ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሊናገር ይገባል። የአካባቢውን አነጋገር በሚያውቅ ሰው ድምፅ ቢቀዳ፣ በቀሳውስትና በሼኾች፣ በእድር ዳኞችና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ቢገባ የሚደርሰው ርቀት ከማንኛውም የፌስቡክ ገጽ ይበልጣል። መረቡ ሰነዱን ቆቦ ያደርሰዋል፤ ከቆቦ ወደ ጎጡ የሚወስደው ሰው ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ ከዚህ ጋር ይስማማል። የሕዝባዊ ምክክር ተመራማሪው ጄምስ ፊሽኪን ሰዎች ከመጠየቃቸው በፊት ሚዛናዊ መረጃ ሊያገኙ ይገባል በሚል መነሻ የቀረጸው ስልት በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ በዑጋንዳ በቡዱዳና በቡታሌጃ ወረዳዎች ተሞክሯል። የመሬት መንሸራተትና ጎርፍ የሚያጠቃቸው ገጠሮች ናቸው። ተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ማብራሪያው በቪዲዮ ተዘጋጀ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሰፈራና ስለ አደጋ መከላከል ተወያዩ። በአየርላንድ ደግሞ በእጣ የተመረጡ 99 ዜጎች ከሚሰበሰቡበት የዜጎች ጉባኤ የባለሙያዎቹ ማብራሪያ በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፍ ስለነበር ያልተመረጠውም ሕዝብ አብሮ ይማር ነበር። አንደኛው ድሃ፣ ሌላው ሀብታም አገር ነው፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ማስረዳት፣ ከዚያ መጠየቅ።

ለቆቦና ለራያ ቆላ የሚስማማው አሠራር ከእነዚህ ሁሉ ተውጣጥቶ ሊቀመጥ ይችላል። ማንኛውም ምክክር ሲታሰብ ከቀኑ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የረቂቁ ፍሬ ነገር ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ ድምፅ ይዘጋጅ፤ ክርክር ያለባቸው ነጥቦች ከደጋፊውም ከተቃዋሚውም ወገን ይቅረቡ። ድምፁ በነጻ የስልክ መስመር፣ በቴሌግራም፣ በአማራ ሬዲዮና በሚሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ ይሠራጭ፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲቀጥል። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይሰማ። ስብሰባው በማሽላ አጨዳ ሳምንት አይጠራ። ሴቶች ስልክ በባላቸው ወይም በልጃቸው እጅ ስለሚሆንባቸው ለእነርሱ የተለየ የማዳመጫ ጊዜ በጤና ጣቢያና በቡና ማኅበር ይመቻች። ሙሉው ሰነድ ግን በድረ ገጽ ይቀመጥ፤ አጭሩ ድምፅ የተወው ነገር እንዳለ ማጣራት ለሚፈልግ መምህርና ተማሪ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ሥራ መልስ መመለስ ነው። በ1978ቱ ውይይት የጎደለውና ዛሬም የሚጎድለው ይህ ነው። ከምክክሩ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ «ከራያ ቆቦ ይህ ይህ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ይህኛው ገብቷል፤ ያኛው በዚህ ምክንያት አልገባም» የሚል መልእክት በተመሳሳይ መስመር፣ በተመሳሳይ ድምፅ ሊመለስ ይገባል። ሐሳቡ ባይገባለት እንኳ ምክንያቱን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጥሪ ይመጣል፤ ምንም ያልሰማ ሰው ግን ልጁን ልኮ እርሱ እርሻው ላይ ይውላል። ለሚቀጥለው ምክክር የመጀመሪያው ማስታወቂያ ካለፈው ምክክር የተመለሰው መልስ ነው።